የተባረከ እንቁላል ቅርፊት

ሽታይንዜ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1994

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ለገና በላክሽልኝ ካርድ ላይ «ደረጃ መውጣት ጠልቻለሁ» ብለሽ ነበር። ያቺን አንዲት መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቂኝ። በአርባ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለ ራስሽ የነገርሽኝ የመጀመሪያው ነገር እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ «ደህና ነን፣ መልካም በዓል» ነው። የሮተርዳም ነፋስስ? ባልሽን እግዚአብሔር በአጸደ ገነት ያኑርልሽ፤ መሞቱን ያወቅሁት ከካርዱ ላይ ስሙ ሲጎድል ነው። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። እሱም ሃምሳ ስምንት ዓመት አገልግሏል፣ አልፈርድበትም።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አራተኛው ይኸው።

የእማማ ተራ ደረሰ። የመቃብራችንን ጥበት ታውቂዋለሽ፤ ከወዲህ ገደል፣ ከወዲያ ሐይቅ፤ ሙታን እንኳ ወረፋ ጠብቀው የሚተኙበት ነው። አስራ ሦስት ዓመት ተኛችና በሰኔ መጨረሻ ቦታው ለሌላ ተፈለገ። ቆፋሪው አሁን ማሽን አለው፤ እኔ ግን በእጅ ይሁን አልኩ። የራስ ቅሏን ራሴ አጠብኩት፣ የመንደሩ መቃብር ቆፋሪ የነበረው አባባ እንዳስተማረኝ። ከዚያ የሙታኖቻችን ራስ ቅል ስሙ ተጽፎበት በሚደረደርበት በአጽም ቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ለፀሐይና ለጤዛ ሰጥቼ ስድስት ሳምንት አቆየሁት፤ ነጣ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ ሲሞት መቃጠል መርጧል፤ ስሜን በአጥንቴ ላይ ይጻፉልኝ የሚል የለም። እማማ ግን ተናዛ ነው የሞተችው። ከእሷ በኋላ ምናልባት የእኔ ይቀር ይሆናል፤ እኔን የሚቀባኝ ሰው ግን አላውቅም።

መተዳደሪያዬ ከነዚሁ አጽሞች ጋር መሆኑን ሰምተሽ ይሆናል። በመርከብ የሚመጡትን ጎብኚዎች የማስጎበኝ እኔ ነኝ። መርከቧ ዞራ እስክትመለስ አርባ ደቂቃ አለኝ፤ በአርባ ደቂቃ የአውሮፓን አምስት መቶ ዓመት አስረዳለሁ። ይሄ ጨው ቆፋሪ ነበር፤ ወንድሞቹ የሉተርን መጽሐፍ ወለል ሥር ደብቀው ሲገኙ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ትራንሲልቫኒያ ሰደዳቸው፣ እሱ ካቶሊክ ነኝ ብሎ ቀረ። ይቺ የፈረንሳይ ወታደሮች ላሟን ሲነዱባት ተከትላቸው ሄዳ ላሟን አስመልሳ መጣች። ይሄኛው ከአንደኛው ጦርነት በሕይወት ተርፎ በጉንፋን ሞተ። ሁልጊዜ ታዲያ «እውነተኛ ናቸው?» የሚል አንድ አይጠፋም። «የለም፣ የጀሶ ናቸው፤ እውነተኞቹ ታች ቢራ እየጠጡ ነው» እላለሁ። ይስቃሉ። ሰውን እያሳቅሽ ታሪክ ስትነግሪው ምን እንደዘለልሽ አይጠይቅሽም።

እኔ የምዘለው አንድ አለ። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ ነው። ግንባሩ ላይ «ኮሎማን፣ 1923–1943» ይላል።

አዎ፣ ወንድማችን ኮሎማን። እሱ ሩሲያ በረዶ ውስጥ እንደቀረ፣ ከእሱ የመጣልን አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ታዲያ የማን ራስ ነው ትይኛለሽ፤ ታገሺኝ፣ እደርስበታለሁ። እንደ ወንዶቹ ሁሉ የኦክ ቅጠል አክሊል ተሥሎበታል። ከአክሊሉ በታች ግን አባባ ዙሪያውን ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣብ አድርጎበታል፤ ከስድስት መቶው የራስ ቅል በአንዱም ላይ የሌለ ነገር። ጎብኚዎቹ ምንድን ነው ሲሉኝ «የተራራ ፍሬ» ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።

እማማ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ «ከአባትሽ ጎን እንዳታደርጊኝ፤ ከልጁ ጎን አድርጊኝ» አለችኝ። «ከኮሎማን ጎን?» ብላት ብዙ አየችኝና «ከልጁ ጎን ነው ያልኩሽ። እሺ ካለኝ» አለች።

እንግዲህ ዘንድሮ ለፍልሰታ ግንባሯ ላይ ጽጌረዳዋን ሥዬ፣ ስሟንና ዘመኗን ጽፌ፣ እንዳለችው ከጎኑ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ጠዋት ስከፍት ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። መደርደሪያው ያዘመመ ነው፣ አይጥም አይጠፋም ብዬ መልሼ አዞርኳት። በሁለተኛው ጠዋት እንደዚያው። ከሥሯ ሽብልቅ አደረግሁ። በሦስተኛው ጠዋት ሽብልቁ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ እሷ ግን ግድግዳውን እያየች ነው። ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው፣ እህቴ። በአራተኛው ቀን አልነካኋትም። ለጎብኚዎቹ «ይቺ እናቴ ናት፤ ሰው ታፍራለች» አልኳቸው። ሳቁ።

ያን ቀን ከጎብኚዎቹ መሀል ያልሳቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ፀጉራቸው ባጭሩ የተቆረጠ፣ የዝናብ ካፖርታቸውን አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ የያዙ። ሌሎቹ ፖስት ካርድ ሊገዙ ሲወጡ እሳቸው ቀሩ። ከቦርሳቸው ፎቶግራፍ አወጡና፣ በዚያ የሰሜን ሰዎች ቁርጥ ቁርጥ ባለ አነጋገር «ዊብከ እባላለሁ። ይሄ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሄኒንግ። ምናልባት ያውቁት እንደሆነ» አሉኝ።

ገና ሳያዞሩልኝ አውቄዋለሁ። ጆሮው! አንቺ «የማሰሮ እጀታ» ትይው የነበረው ጆሮ። አዎ፣ እሰማሽ ነበር።

አብሮት ከጦሩ የጠፋ ጓደኛው፣ በአርባ አምስት መጋቢት ላይ ተራራው አፋፍ ላይ ተለያይተን እሱ ወደ አንድ ሐይቅ ወረደ ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየበጋው የአንዱን ሐይቅ መንደር ከጎብኚዎች ጋር ተቀላቅለው ይዞራሉ። «አስጎብኚ ሁሉን ያውቃል ይላሉ፤ እኔ ስለ ወንድሜ ስጠይቃችሁ እናንተ ስለ ነገሥታት ትነግሩኛላችሁ» አሉኝ። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? «በዚያን ጊዜ ብዙ ወታደር አልፏል፣ እመቤቴ» አልኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ። ሳያለቅሱ መውጣታቸው ነው የጎዳኝ፤ ያን መልስ ሃያ ዓመት ሰምተውታል። ከመሄዳቸው በፊት የታችኛው እንግዳ ማረፊያ ሦስት ቀን እንደሚቆዩ ነግረውኝ ነበር።

አሁን ወደ እኔና አንቺ ልምጣ።

አንቺ የምታውቂውን እኔም አውቃለሁ። አስራ ሰባት ዓመትሽ ነበር፤ የቪየናዎቹን የበጋ ቤት ታጸጂ ስለነበር ያን ወታደር በጀልባ ቤታቸው ውስጥ ተደብቆ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ዳቦውን ከልብስ ቅርጫት ሥር ደብቀሽ ትወስጂለት ነበር። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ቄሱ ከባረኩት ቅርጫት ሦስት ቀይ እንቁላል አነሳሽ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የማታውቀው ነገር ምን አለ? ሦስቱ መጉደላቸውን አየሁና ዝም አልኩ። ሰው ምስጢሩን ሳይነግረኝ ምስጢሩን መጠበቄ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

አንቺ የማታውቂው ይሄ ነው።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ቀን እማማ ሐይቁ ዳር ልብስ ልታጥብ ይዛኝ ወረደች። ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ የአስተማሪው ሚስት። አስተማሪው በመንደሩ የፓርቲው ሹም፣ ከጦሩ የሚጠፉትን አሳዳጅ እንደነበር አትረሺውም። እኔ ሳሙናውን ይዤ ቆሜያለሁ። ውሃው ቀይ ነገር እየገፋ አመጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ከሳሙናው አረፋ መሀል ገባ። የእንቁላል ቅርፊት።

የእማማን ነገር ታውቂያለሽ። የተባረከ እንቁላል ቅርፊት ወይ እሳት ውስጥ ነው ወይ እርሻ ላይ፤ ከከንፈራችን ላይ እንኳ በጣቷ ትለቅመው አልነበር? ጎንበስ ብላ ከውሃው እየለቀመች ወደ ሽርጧ ታደርግ ጀመር፤ ድምፅዋም ገደሉን እስኪመታ «ማነው ይሄ አረመኔ! የተባረከ ቅርፊት ውሃ ላይ የሚጥል! የኛ መንደር ሰው አይደለም፤ የኛ መንደር ሰው ቢሞት አያደርገውም!» አለች። ሴቶቹ አማተቡ። የአስተማሪው ሚስት ግን ቀና ብላ ውሃው ወደመጣበት አየች። ከዚያ በላይ የጀልባ ቤቱ ብቻ ነው ያለው። እማማም ሴትዮዋ ወደምታይበት አየች። አፏ እንደተከፈተ ቀረ፤ እጇ ቅርፊት እንደያዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ትመልሰው? ሴትዮዋ ልብሷን ሳታለቀልቅ ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ ወሰዱት። ወደቡ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ ሰቀሉት፤ አንገቱ ላይ ምን የሚል ሰሌዳ እንዳንጠለጠሉበት አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ። ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። አባባ ከመቃብሩ ጥግ፣ ያለ ስም ቀበረው።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሻንጣሽን ይዘሽ መርከብ ስትጠብቂ እኔና እማማ ልንሸኝሽ መጣን። እሷን ሳምሻት። ወደ እኔ ጎንበስ ስትዪ የምትስሚኝ መስሎኝ ጉንጬን ሰጠሁሽ። «ምላስሽ ይበስብስ። አንቺ ነሽ የተናገርሽው፤ ካንቺ ሌላ ያወቀ የለም» አልሽኝ። እማማ ከኋላዬ ቆማ ሁለት እጆቿን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነበር። ሰምታሻለች፤ ጣቶቿ ትከሻዬ ውስጥ ገቡ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። መርከቧ ጮኸች። እኔ አሁንም እየጠበቅሁ ነበር። ትናገራለች ብዬ፣ እህቴ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት እስክትሞት ጠብቄያታለሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ስትሞት ያኔውኑ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ገና አፈሩ ሳይደርቅ እንዴት ብዬ? ከዚያ ዓመቱ ዓመት ወለደ። እውነቱን ልንገርሽ፦ ፈርቼም ነው። እኔን መጥላትሽን ለምጄዋለሁ፤ እሷን ስትጠዪ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ቤታችን ቀይ እንቁላል ተቀብቶ አያውቅም። ነጩን ይዘን ስንሄድ ቄሱ «እናንተ ቤት ቀለም አለቀ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ አንድ ቀን የእማማን ፊት አዩና ተዉት። እንቁላል ራሱ በአፏ አልዞረም። በአምሳ ሰባት የጥግ መቃብሩ ተራ ደረሰ። አባባ አጽሙን አውጥቶ ገባና ስም የለሽ ነውና ከኋላ ካሉት አጥንቶች ጋር እከምረዋለሁ አላት። «ስም ስጠው» አለችው። «ስሙን ማን ያውቃል?» አላት። «የልጄን ስጠው» አለችው። አባባ ብሩሹን ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ቅጠሉን ሣለ፣ ስሙን ጻፈ። መጨረሻ ላይ ቀዩን ቀለም ከፍቶ ነጠብጣቦቹን መጨመር ሲጀምር እማማ ተነስታ ወጣች። መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ መንደሩ አየ፤ ማንም አልጠየቀ። ቄሱም አዩ፣ ቄሱም ዝም አሉ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሄዳ ፊቱ ትቆም ነበር። ለኮሎማን የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር፤ ለእሱም ሳታለቅስ አልቀረችም።

ወይዘሮ ዊብከ ሊሄዱ በነበረበት ቀን ጠዋት ወደ ማረፊያቸው ወረድኩ። ቁርሳቸውን ጨርሰው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ይምጡ» ብቻ አልኳቸው። አጽም ቤቱ ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋሁት። «ይሄ ወንድምዎ ነው» አልኳቸው።

ግንባሩ ላይ ያለውን ስም አነበቡ፤ እኔን አዩኝ፤ መልሰው እሱን አዩት። እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ከዚያ ጆሮው በነበረበት ቦታ መዳፋቸውን ጣል አደረጉና «ጆሮውን ምን አደረጋችሁት?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። ወዲያው የጠየቁኝ ስለ አሟሟቱ አልነበረም። «በርዶት ነበር? አንድ ደግ ሰው እንኳ አላገኘም?» አሉኝ። አግኝቷል አልኳቸው። አንዲት ልጅ በየቀኑ ዳቦ ትወስድለት ነበር፤ ለፋሲካም ከተባረከው ሦስት እንቁላል ወሰደችለት፤ ጆሮውንም ትወደው ነበር አልኳቸው።

እንባቸውን እየጠረጉ «የተባረከ እንቁላል! ሄኒንግ ምኑን ያውቀዋል? እኛ የሉተር ሰዎች ነን እኮ፤ እኛ ቤት ቅርፊት የትም ነው የሚጣለው» አሉኝ።

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ስለ ተናገረ ሰው ነበር፤ ለእሱ የነገረው ሰው እንዳልነበረ አንድም ቀን አላሰብኩም። አንቺ አልነገርሽውም። ለምን ትነግሪዋለሽ? ለእኛስ ማን ነገረን? ከጡት ጋር የጠባነውን ነገር ሌላው የማያውቀው አይመስለንም። እስቲ አሁን ራስሽን እንዳትወቅሺ፤ የጻፍኩልሽ ለዚያ አይደለም።

«ታዲያ ማነው ያሳበቀበት?» አሉኝ በመጨረሻ። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ለስንቱ ጎብኚ ስለ ስንቱ ግፍ «ያ ዘመን ክፉ ነበር» ብያለሁ። ዓይኔ ግን ሄደ። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩ፤ ከወንድማቸው ጎን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተቀመጠችውን። ጎንበስ ብለው ከጎን ስሟን አነበቡ። ከዚያ ደረቴ ላይ የለጠፍኩትን የአስጎብኚ ባጅ አነበቡ፤ የቤተሰብ ስማችን አንድ ነው።

ውጭ መርከቧ ጮኸች። ካፖርታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ በሁለት እጃቸው እማማን አነሱ፤ ጥግ ይዞ ያኮረፈ ልጅ እንደሚያዞሩ ቀስ አድርገው ወደ ሰው አዞሯትና መልሰው ከጎኑ አስቀመጧት። «እዚሁ ይሁን፤ ጎረቤት አለው። ስሙን ግን መልሱለት» አሉኝ።

በአባባ ቢላዋ የኮሎማንን ስምና ዘመን ፋቅሁት። ወንድማችንን ዳግመኛ የቀበርኩት ያኔ ነው፤ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ሄኒንግ ብዬ ጻፍኩ። ነጠብጣቦቹን አልነካሁም። አሁን ለጎብኚዎቹ የተራራ ፍሬ አልልም፤ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳወራ አርባ ደቂቃው አልፎ፣ መርከቧ አምልጣቸው አንዱ ለቢሮው ክስ ጽፎብኛል።

እማማ ከዚያ ቀን ወዲህ አልዞረችም። በየጠዋቱ ስከፍት ፊት ለፊት ታየኛለች። መደርደሪያው ያው ነው፤ እንዳዘመመ ነው፤ ሽብልቁንም አውጥቼዋለሁ።

እህቴ፣ ምላሴ አልበሰበሰም። ዝም ብሎ ከረመ እንጂ። ካንቺ ይቅርታ የምለምንበት የለኝም፤ የምትለምንሽ እማማ ናት፣ እሷም አፍ የላትም። ለሙታን መታሰቢያ ቀን ወይዘሮ ዊብከ ይመጣሉ፤ ያቺን ልጅ ማየት እፈልጋለሁ ብለውኛል። ነይ። ወደ አጽም ቤቱ አርባ ሁለት ደረጃ ነው፤ እኔ ከሥርሽ ሆኜ እደግፍሻለሁ፤ በየአምስቱ እናርፋለን። ፋሲካ ባይሆንም ሦስት እንቁላል ቀይ አድርጌ እቀባለሁ፣ በቄሱም አስባርካለሁ። ቅርፊቱን ሦስታችን ሐይቁ ላይ እንጥለዋለን።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ሳልስምሽ አይውሰደኝ።

ጉንጯን የሰጠችሽ
ታናሽ እህትሽ